ከደረቀ ጭቃ ጥለት ማውጣት

የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ንድፍ እሠራለሁ። አዲስ ሐሳብ ሲጠፋኝ ስልክ ላይ የሰው ሥራ አላገላብጥም። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ፣ ኩሬ የነበረበት ቦታ ሄጄ የተሰነጠቀ ጭቃ አያለሁ። አበባማ ሁሉም ይስላል።

ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ውጡ። ፀሐይ ከጎን ስትመታ ስንጥቁ ጥላ ስለሚይዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካርቶን መሃሉን በመዳፍ ልክ ቆርጣችሁ ጭቃው ላይ አስቀምጡ። በዚያች ቀዳዳ የሚታየውን ብቻ እዩ፤ አለበለዚያ ዓይን ይባክናል።

አሁን ስንጥቆቹ የሚገናኙበትን ቦታ ተመልከቱ። አንዱ ሳይቋረጥ ያልፋል። ሌላው ከጎን መጥቶ እሱ ላይ ይቆማል። ያለፈው ታላቅ ነው፣ የቆመው ታናሽ። ጭቃ ውሃው ሲተን ይኮማተራል፤ መወጠሩን መቋቋም ሲያቅተው ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ በኋላ ወደ ጎን የነበረው ውጥረት ይላላል፣ በስንጥቁ ርዝመት ያለው ግን ይቀራል። ስለዚህ ቀጣዩ ስንጥቅ የሚመጣው ቀጥ ብሎ፣ ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ ነው።

ስትስሉም ይህንኑ ቅደም ተከተል ጠብቁ። መጀመሪያ ረጃጅሞቹን፣ ቀጥሎ እነሱ ላይ የሚቆሙትን፣ በመጨረሻ ትንንሾቹን። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ከከበባችሁ የድንጋይ አጥር ይመስልባችኋል፤ ሕይወት አይኖረውም።

ደጋግሞ እየራሰ በሚደርቅ ቦታ ግን ማዕዘኑ ይከፈታል። ሦስት ስንጥቆች ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ተከፍተው ይገናኛሉ። ውብ ነው፣ ግን ለጥልፍ እንጂ ለሽመና አልመርጠውም። ድርና ማግ ቀጥ ብለው ስለሚተላለፉ፣ ዘመም ያለ መስመር ሸማው ላይ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓይነት ስንጥቅ ግን ለሽመና የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

ለጥልፍ ከሆነ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ውጡና ባህር ዛፉን እዩ። ለጋው ቅጠል ክብ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የሚበቅል ነው። የጎለመሰው ደግሞ እንደ ማጭድ ቀጭንና ረጅም። ሁለቱም ከአንድ ዛፍ! ዝናብ ሲነካው የግንዱ ቀለምም ይደምቃል።

ወደ ጭቃው ልመለስ። ንድፉን ባለ ካሬ ደብተር ላይ ገልብጡ። ቀለም አታብዙ፤ ሁለት ይበቃል። አንዱ ነጣ ላለው ገጽ፣ አንዱ ለጠቆረው ስንጥቅ። የኔ ሸማኔ ወረቀቱን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ፣ «ልጄ፣ የቱ ጋ ነው የሚደገመው?» ብለው ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ወረቀቱን ጠቅልሉና የግራና የቀኙን ጫፍ አገናኙ። ረጅሙ ስንጥቅ መጋጠሚያው ላይ ከተቆረጠ እስኪቀጥል ድረስ አስተካክሉ። ሙሉ ቀሚስ ከማዘዛችሁ በፊትም አንድ ስንዝር ናሙና አሠሩ።