የፒያኖ ትሪዮ ቅጂ ሲያዳምጡ ቼሎውን ይፈልጉ

ፒያኖ ትሪዮ በፒያኖ፣ በቫዮሊንና ከቫዮሊን በሚተልቀው፣ ድምፁም በሚወፍረው ቼሎ የሚቀርብ የቻምበር ሙዚቃ (በጥቂት ተጫዋቾች የሚቀርብ ሙዚቃ) ዓይነት ነው። ሦስቱ መሣሪያዎች ግን በጉልበት እኩል አይደሉም፤ የዛሬው ትልቅ ፒያኖ ሁለቱን የክር መሣሪያዎች በቀላሉ ሊውጣቸው ይችላል፤ ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ድምፁ ከፒያኖው ግራ እጅ ጋር በአንድ አካባቢ የሚያርፈው ቼሎ ነው። ሙዚቀኞቹና ቀረጻውን የመራው ባለሙያ ይህን እንዴት እንደተወጡት የሚታወቀው በቼሎው ስለሆነ፣ ቅጂን መመዘንም ከዚያ ቢጀመር ይሻላል።

ለዚህ በቂ የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልጋል። የቼሎው የመጨረሻ ወፍራም ክር በሰከንድ 65 ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ፣ የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያንን ጥልቀት አያወጣውም፤ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ግን ይበቃል።

ለመነሻ የሚመቸው ፊሊክስ ሜንዴልሶን እ.ኤ.አ. በ1839 ያቀናበረው የዲ ማይነር (የቅኝቱ ስም ነው) ትሪዮ ነው፤ ምክንያቱም ዜማውን የሚከፍተው ራሱ ቼሎው ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ሌላ ሥራ ሳይሠሩ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይስሙት፤ ማብራሪያ ማንበቡን ለኋላ ቢያቆዩት እመርጣለሁ፣ የተነገረንን ብቻ መስማት ይቀናናልና። በሁለተኛው ዙር ቼሎውን ብቻ ይከተሉ፦ ዜማውን ለቫዮሊኑ ካስረከበ በኋላ ወዴት ይሄዳል? በሦስተኛው ወደ ፒያኖው ይዙሩ። የፒያኖው ድርሻ በፈጣን ኖታዎች የታጨቀ ነው፤ ጥሩ ፒያኒስት ያን ሁሉ እየተጫወተ ሌሎቹ እንዲሰሙ ቦታ ይለቅላቸዋል፣ ሌላው ግን ለብቻው ኮንሰርት እንደያዘ ሰው ይሮጣል።

ከዚያ ቀጥሎ ፍራንዝ ሹበርት ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1827፣ የጻፈውን የኢ ፍላት ሜጀር ትሪዮ ሁለተኛ ክፍል ያዳምጡ። ፒያኖው በሰልፍ እርምጃ ሲራመድ ቼሎው ዜማውን ይዘምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ያው ዜማ ወደ ፒያኖው ይሻገራል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቼሎ ተጫዋቹ አንዱን ድምፅ ከጀመረው በኋላ በደጋኑ ሊያሳድገው ይችላል፤ የፒያኖ ድምፅ ግን ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል። ስለዚህ ፒያኒስቱ የሚዘምር መስሎ የሚሰማን እያንዳንዱን ኖታ ከቀደመው ኖታ ክስመት ጋር አመዛዝኖ ሲመታ ነው። በዚሁ ሥራ የመጨረሻ ክፍል ያው ዜማ ተመልሶ ይመጣል። ሹበርት ይህን ክፍል ከመታተሙ በፊት ስላሳጠረው አንዳንድ ቅጂዎች የተቆረጠውን መልሰው ይጫወቱታል፤ የሁለት ቅጂዎች ርዝመት ቢለያይ ምክንያቱ ፍጥነት ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሁለት ቅጂዎችን ሲያነጻጽሩ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚወስድ አንድ ቦታ መርጠው ያንኑ ብቻ ይስሙ፤ አስቀድመው ግን የድምፁን መጠን ያስተካክሉ፤ በትንሹም ቢሆን ከፍ ያለው ቅጂ የተሻለ መስሎ ጆሮን ያታልላልና።

ይህ የቼሎ መመዘኛ ለ18ኛው ክፍለ ዘመን አቀናባሪ ለሀይድን አይሠራም። በእርሱ ትሪዮዎች ቼሎው በአብዛኛው የፒያኖውን የታችኛ ድምፅ ይደግማል፤ የዘመኑ ፒያኖ ቀላልና ቀጭን ድምፅ ስለነበረው ድጋፉ ያስፈልገው ነበር። በዘመናዊ ፒያኖ ሲሰሙት ትርፍ የመሰለው ቼሎ፣ በጥንቱ ዓይነት ፒያኖ በተቀዳ ቅጂ ላይ ሥራው ወዲያው ይገባል። ቦዛር ትሪዮ የተባለው የሙዚቀኞች ቡድን የሀይድንን ትሪዮዎች በሙሉ በዘመናዊ መሣሪያ ስለቀዳ ለንጽጽር ይጠቅማል።

የቆዩ ቅጂዎችን በሚያሰሙት የመንሿሿት ድምፅ ምክንያት መተው ኪሳራ ነው። ፒያኒስቱ ኮርቶ፣ ቫዮሊኒስቱ ቲቦና ቼሊስቱ ካዛልስ የሹበርትን የቢ ፍላት ትሪዮ በ1926፣ የቤትሆቨንን «አርክዱክ» የተባለ ትሪዮ ደግሞ በ1928 ቀድተዋል። የሸክላው አንድ ገጽ ከአራት ወይም ከአምስት ደቂቃ በላይ ስለማይይዝ ሥራው በብዙ ሸክላዎች ተከፋፍሎ ነበር የወጣው። ቫዮሊኑና ቼሎው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተቱ ሲያልፉ መጀመሪያ እንግዳ ይሆንብዎታል፤ ያ ጉድለት ሳይሆን የጊዜው አጨዋወት ነው።

ጆሮዎ ቼሎውን መለየት ሲለምድ ወደ ሩሲያዊው አቀናባሪ ሾስታኮቪች ሁለተኛ ትሪዮ ይሻገሩ። በ1944 ያቀናበረው ለሞተው ወዳጁ ለኢቫን ሶለርቲንስኪ መታሰቢያ ነው። መክፈቻው ላይ ፉጨት የመሰለ እጅግ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ቫዮሊን ነው ብለው ያስባሉ፣ ግን ቼሎው ነው። ቫዮሊኑ ከሥሩ ይገባል፣ ፒያኖውም ከሁለቱ ታች። አቀናባሪው ራሱ ፒያኖ ይዞ ከቫዮሊኒስቱ ከዳቪድ ኦይስትራክና ከቼሊስቱ ከሚሎሽ ሳድሎ ጋር ያስቀዳው ቅጂ ስላለ፣ ይህን መክፈቻ በመጀመሪያ ከዚያ፣ ቀጥሎም ጥራቱ ከተሻለ አዲስ ቅጂ ይስሙት።