ሩገር 10/22 ጠመንጃን እንዴት ፈትቶ መወልወልና ሲከሽፍ መንስኤውን ማግኘት እንደሚቻል

ስተርም ሩገር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ ያቀረበው ሩገር 10/22 እስካሁን ከምርት ያልወጣ፣ በሚሊዮኖች የተሸጠ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው። በአሜሪካ ኢላማ መተኮስ ለሚማሩ ሰዎችና ጥንቸልና ሽኮኮ ለሚያድኑ አዳኞች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ጠመንጃቸው ይሆናል፤ ጥይቱ ርካሽ፣ ርግጫውም ከቁጥር የማይገባ ነውና። ይህ ጠመንጃ አልተኩስ ወይም ቀለህ አላወጣ ሲል ባለቤቶቹ ቶሎ የሚጣደፉት አዲስ ዕቃ ወደ መግዛት ነው። አብዛኛው ችግር ግን ከእድፍ፣ ከጥይቱ ወይም ከካዝናው (ጥይቱ ከሚሞላበት ተነቃይ መያዣ) የሚመጣ በመሆኑ፣ አንድም ዕቃ ሳይለወጥ በዚሁ ቅደም ተከተል ቢፈተሽ ገንዘብም ጊዜም ይተርፋል። ከዚህ በታች ያለው ከፋብሪካ እንደወጣ ስላለ፣ ምንም ለውጥ ስላልተደረገበት ጠመንጃ ነው።

ወደ ሥራው ከመገባቱ በፊት ስለ ባለቤትነት አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ያሉ ብዙ አበሾች አያውቁትም። በፌዴራል ሕግ መሠረት ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ የሚችል ሲሆን፣ በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ግን፣ የጸና የአደን ፈቃድ እንደመያዝ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉለት በስተቀር፣ ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ጥይት መያዝም ተከልክሎበታል። የክልከላው ቃል ስለ መግዛት ብቻ ሳይሆን ስለ መያዝም የሚናገር ስለሆነ፣ የዘመድን ጠመንጃ ለመወልወል ተቀብሎ ቤት ማስቀመጥም ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው።

ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

ሥራው የሚጀመረው ጥይት በሌለበት ክፍል ነው። የጥይት ሣጥኖች፣ በኪስ የቀሩ ጥቂት ፍሬዎችም ጭምር፣ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዱ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደዞረ፣ ጣትም ከቃታው እንደራቀ፣ አስቀድሞ ካዝናው ይነቀላል፤ ከዚያ ቦልቱ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚመላለሰው ከባዱ ብረት፣ እስከ መጨረሻው ይሳብና ከቃታ ጠባቂው ፊት ባለችው ትንሽ መቆለፊያ ተከፍቶ እንዲቆም ይደረጋል። ቅደም ተከተሉ መዛባት የለበትም፤ ካዝናው ሳይነቀል ቦልቱ ቢሳብ፣ አንድ ጥይት ሲወጣ ሌላው ይጎርሳል።

ጥይቱ የሚጎርስበትን ቤት በዓይን ማየት ብቻውን አይበቃም፤ በትንሿ ጣት ጫፍ ወይም በቀጭን እንጨት መዳበስ ይገባል። 10/22 ከፋብሪካው እንደወጣ የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ቦልቱ ተከፍቶ አይቆምም። በዚህም ምክንያት ባዶው ጠመንጃና የጎረሰው ጠመንጃ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሌላ ዓይነት ጠመንጃ የለመደ ሰው «ቦልቱ ተዘግቷል፣ ገና ጥይት አለው» ወይም «ጥይቱን ጨርሻለሁ» ብሎ በግምት ሲናገር አደጋ የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው።

መፍታት

የሚያስፈልገው አንድ ለብሎኑ ልክ የሆነ ካቻቪቴ፣ ፒን ለመግፋት ቀጭን ዘንግ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥጥ ጨርቅ፣ የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ፣ ጥቂት ዘይትና በበርሜሉ ውስጥ የሚጎተት የማጽጃ ገመድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጣ ያለ ፎጣ ቢነጠፍ መልካም ነው፤ የዚህ ጠመንጃ ፒኖች ላላ ያሉ በመሆናቸው ጠመንጃው ዘንበል ሲል በራሳቸው ይወድቃሉ፤ ምንጣፍ ላይ የወደቀ ፒን ደግሞ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ቦልቱ ይዘጋል፤ ቃታው ግን አይሳብም። ውስጥ ያለው መዶሻ፣ ማለትም ቃታው ሲሳብ መምቻውን መርፌ የሚመታው ብረት፣ ተወጥሮ መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ሴፍቲው፣ ማለትም ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ቁልፍ፣ ሊንቀሳቀስ አይችልም። አሁን ሴፍቲው በሁለቱ ጎኖች መካከል፣ ልክ መሃል ላይ እንዲቆም ይደረጋል፤ ወደ አንዱ ጎን ካዘነበለ ሰደፉን ይነክሰዋልና። በርሜሉንና እንጨቱን የሚያቅፍ ቀለበት ያለው ከሆነ የቀለበቱ ብሎን ይላላል፤ ከዚያ ከካዝናው ማስገቢያ ፊት ያለው ብቸኛው የሰደፍ ብሎን ይፈታል። በርሜሉ ከአፈሙዙ በኩል ቀስ ተብሎ ሲነሳ ብረቱ በሙሉ ከሰደፉ ይለያል።

በብረቱ አካል ላይ ከሚታዩት ፒኖች ሁለቱ የቃታውን ቤት የያዙ ናቸው፤ ሲገፉ የቃታው ቤት እንዳለ ወደ ታች ይወጣል። ይህን ክፍል ከዚህ በላይ መበታተን አያስፈልግም፤ በውስጡ ያሉት ትናንሽ ሞላዎች አንዴ ከተፈናጠሩ ሥራው የሌላ ቀን ሥራ ይሆናል። በስተኋላ የቀረው ወፈር ያለ ፒን ቦልቱን ከኋላ የሚያስቆመው ነው፤ እሱም ይወጣል። ከዚያ ብረቱ ተገልብጦ፣ የቦልቱ እጀታ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ ተይዞ፣ ቦልቱ ከፊቱ በኩል ተነስቶ ይወጣል። እጀታው ከሞላው ጋር የተያያዘ ስለሆነ በእጅ ተይዞ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይመለሳል እንጂ አይለቀቅም።

በርሜሉን ከአካሉ ጋር የያዙት ሁለት የአለን ብሎኖች (ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ራስ ያላቸው) ለውልወላ ፈጽሞ አይነኩም።

መወልወል

ይህ ጠመንጃ የሚተኩሰው የ22 ሎንግ ራይፍል ጥይት እርሳስ ብዙውን ጊዜ በሰም ወይም በቅባት የተለበጠ ነው። ይህ ሰም ከተቃጠለ ባሩድ ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር፣ ተጣባቂ ጭቅቅት ይሆናል፤ ቦልቱ ፊት ላይ፣ ቀለሁን ይዞ በሚያወጣው ትንሽ ጥፍር ሥርና በጥይቱ ቤት አፍ ዙሪያ ይጋገራል። ጠመንጃውን የሚያሠራው ደግሞ ውስብስብ መሣሪያ አይደለም፤ ጥይቱ ሲተኮስ የጋዙ ግፊት ቀለሁን፣ ቀለሁም ቦልቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቦልቱን የሚያዘገየው የራሱ ክብደትና አንድ ሞላ ብቻ ነው። ጉልበቱ በጥቂቱ የተመጠነ በመሆኑ ጭቅቅቱ የሚፈጥረው ትንሽ ሰበቃ እንኳ ሥራውን ያውከዋል።

ስለዚህ ትልቁ ትኩረት ለቦልቱ ይሰጥ። ብሩሹ በማጽጃ ፈሳሽ ተነክሮ የቦልቱ ፊት ይፈተጋል፤ በጥፍሩ ሥር ያለው ደረቅ ጭቅቅት በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይወጣል። ጥፍሩ በጣት ሲገፋ በሞላው ኃይል ተመልሶ «ጠቅ» ማለት አለበት፤ ፈዘዝ ብሎ ከተመለሰ ገና አልጸዳም። መምቻው መርፌ የሚንሸራተትበት መስመር ይጸዳል እንጂ ዘይት አይገባበትም፤ ዘይት እዚያ ከጭቅቅት ጋር ሲረጋ መርፌው ጉልበት ያጣል፣ በብርድ ጊዜም ይብሳል።

በርሜሉ ከሌላው ክፍል ያነሰ ውልወላ ይበቃዋል። የአካሉ ጀርባ ድፍን ስለሆነ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ከጥይቱ ቤት በኩል አይገባም፤ ከአፈሙዝ በኩል የሚገባ ዘንግ ደግሞ የአፈሙዙን ጠርዝ ከፋቀው ጠመንጃው ኢላማ ይስታል። ተመራጩ ገመዱን ከጥይቱ ቤት አስገብቶ በአፈሙዝ ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው በርሜሉ ተነቃዩ ሞዴል ይህ ችግር የለበትም።

ካዝናው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጥይቱን የሚያሳልፉት የብረት ከንፈሮቹ መጉበጥ አለመጉበጣቸው ይታያል። 10 ጥይት የሚይዘው ተሽከርካሪ ካዝና በውስጡ የተወጠረ ሞላ ስላለው፣ የአጠቃቀም መመሪያው ሳይነበብ መፈታት የለበትም። በመጨረሻም በቦልቱ ጎንና በሚንሸራተትበት መስመር ላይ ሁለትና ሦስት ጠብታ ዘይት በጣት ይለቀለቃል። የዘይት ብዛት ጥሩ ውልወላ የሚመስላቸው ሰዎች ቀጣዩን ጭቅቅት በገዛ እጃቸው እያቦኩ ነው።

የጥይቱ ማቀጣጠያም ሆነ እርሳሱ ራሱ መርዛማ ብናኝ ይተዋል። ውልወላው መስኮት በተከፈተበት ቦታ እንጂ ምግብ በሚበላበት ገበታ ላይ መሆን የለበትም፤ ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ጨርቁም ልጆች በማይደርሱበት ይጣላል።

መልሶ መግጠም

አገጣጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ግን ያስቸግራል። አንደኛው ሞላውን በእጀታው ጨምቆ ይዞ ቦልቱን መመለስ ነው፤ ቦልቱ ጀርባው ቀድሞ እንዲገባ ከተደረገ ይቀላል። ሁለተኛው የቃታው ቤት ሲሆን፣ መዶሻው ካልተወጠረ ከቦልቱ ጋር ተጋጭቶ ወደ ቦታው አይገባም። የማይገባ ነገር ካለ በመዶሻ መምታት አያስፈልግም፤ ያልተስተካከለ ነገር አለ ማለት ነውና ወጥቶ እንደገና ይታይ። የሰደፉ ብሎን ጠበቅ ይበል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ እንጨቱን ይሰነጥቃል።

ጠመንጃው ባዶ እንደሆነ ሴፍቲው ተቆልፎ ቃታው ሲሳብ መዶሻው መውደቅ የለበትም፤ ሴፍቲው ተከፍቶ ሲሳብ መውደቅ አለበት። ቃታው እንደተሳበ ተይዞ ቦልቱ ተስቦ ሲመለስ መዶሻው ተወጥሮ ይቀራል፤ ቃታው ሲለቀቅ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከእነዚህ አንዱ ካልሆነ ጥይት ማስገባት አይፈቀድም።

ሲከሽፍ

ቃታው ተስቦ ጥይቱ ካልተተኮሰ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለና። ከዚያ ካዝናው ይነቀላል፣ ጥይቱ ይወጣል፣ ከዚያም ጠርዙ በብርሃን ይታያል። የ22 ጥይት ማቀጣጠያው ያለው መሃሉ ላይ ሳይሆን በጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን ነው፤ መርፌው የመታበት ጠባሳ ደግሞ ነገሩን ይናገራል። ጠባሳው ጥልቅና ጥርት ያለ ሆኖ ጥይቱ ከከሸፈ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ ማቀጣጠያው በዚያ ጠርዝ ላይ በደንብ አልተዳረሰም። ጠባሳው ደብዛዛ ከሆነ ወይም ቦልቱ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቷል ወይም የመርፌው መስመር ቆሽሿል። የከሸፉ ጥይቶች ወደ ቤት አይወሰዱም፤ በተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ለእነሱ የተለየ ማስቀመጫ ይኖራል።

ቀለሁ ሳይወጣ በቦልቱና በአካሉ መካከል ቀጥ ብሎ ከተነከሰ፣ በመጀመሪያ የጥይቱ ዓይነት ይጠርጠር። ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚጓዙት ዝግ ያሉ ጥይቶች ቦልቱን እስከ መጨረሻው ለመግፋት አቅም ሊያንሳቸው ይችላል። ፈጣን ጥይት ሲሞከር ችግሩ ከጠፋ ጠመንጃው ጤነኛ ነው። ካልጠፋ የጥይቱ ቤትና ጥፍሩ ዳግመኛ ይጸዱ፤ ጸድቶም ቀለሁ እዚያው የሚቀር ከሆነ ጥፍሩ ተበልቷል ማለት ነውና ያን ጊዜ መለወጡ ተገቢ ነው።

ጥይቱ ወደ ቤቱ ሳይገባ አፍንጫው ከተደፈጠጠ ጥርጣሬው ወደ ካዝናው ይዞራል። ይህን ለመለየት እያንዳንዱ ካዝና ላይ ቁጥር መጻፍ ይበቃል፤ ችግሩ ቁጥር 2ን ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱ የጠመንጃው አይደለም።

ወዲያውኑ መተኮስ ማቆም የሚያስፈልግባቸው ሁለት ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ከወትሮው የደከመ፣ «ፍስ» የሚል ድምፅ ነው፤ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩ ጥይት በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። ሁለተኛው ቃታው አንዴ ተስቦ ሁለት ጥይት መተኮሱ ነው። ይህ አደገኛ ከመሆኑም በላይ፣ በአንድ የቃታ ስበት ከአንድ በላይ የሚተኩስ ጠመንጃ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እንደ መትረየስ ስለሚታይ፣ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ ፈቃድ ወዳለው ጠጋኝ ይወሰዳል። የቃታ ክፍሎችን በሞረድ ማስተካከል የቤት ሥራ አይደለም።

ከውልወላ በኋላ የመጀመሪያው ሙከራ በአንድ ጥይት ይጀመር፤ ያለ ችግር ከሄደ በሁለት፣ ከዚያ በአምስት፣ በመጨረሻም በሙሉ ካዝና ይቀጥላል። የጥይቱ ዓይነት፣ የካዝናው ቁጥርና የተፈጠረው ችግር በወረቀት ይያዝ። በሁለት ዓይነት ጥይትና በሁለት ካዝና ያው ችግር ከተደጋገመ፣ ጠመንጃው፣ ያልወጡት ወይም የተደፈጠጡት ባዶ ቀለሆችና ወረቀቱ አብረው ለጠጋኙ ይሰጡ፤ ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ጠመንጃው ባዶውን በተቆለፈ የብረት ሣጥን፣ ጥይቱም በሌላ ቁልፍ ተለይቶ ይቀመጣል።