ሞሲን ናጋንትን በኤርሶፍት መሥራት

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጠመንጃ በኤርሶፍት፣ ማለትም ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት በሚተኩስ የጨዋታ ጠመንጃ መልክ፣ መሥራት ካማራችሁ ከሞሲን ናጋንት 91/30 ጀምሩ። የሶቪየት እግረኛ ወታደር ጠመንጃ ነው፣ ለእጅ ሥራም ይመቻል። አብዛኛው መልኩ እንጨት ነው። እየተቀባበለ አንድ በአንድ ስለሚተኩስ ባትሪም ጋዝም አይፈልግም፤ በሞላ የሚሠራ ተራ የኤርሶፍት ስናይፐር ሆድ ዕቃውን ይሰጠዋል። በፈረንጆቹ እስከ 1936 አካባቢ የተሠሩት ቀፏቸው (ማቀባበያው የሚንሸራተትበት የብረት አካል) ባለ ማዕዘን ነው፤ እነሱ ያደክማሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት ክብ ስለሆኑ ከቱቦ ይወጣሉ።

ከመጋዙ በፊት ሕጉ። እውነተኛ የሚመስል መሣሪያ መሥራት በአንዳንድ አገር ክልክል ነው፣ ሌላው ጋ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ጉልበቱም ገደብ አለው። ለምሳሌ ብሪታንያ አንድ በአንድ ለሚተኩስ 2.5 ጁል (የጥይቷ ጉልበት መለኪያ)፣ አከታትሎ ለሚተኩስ 1.3 ጁል ብላ ወስናለች። እናንተ ያላችሁበትን አጣሩ። ደግሞ የእውነተኛ ሞሲን ቀፎ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትገጥሙበት፤ ቀፎው ብቻውን በብዙ ቦታ እንደ መሣሪያ ነው የሚቆጠረው። ከኦሪጅናሉ ብትጠቀሙ የቆዳ ማንገቻውንና የሰደፉን ብረት ይሁን፣ በቃ።

ሆድ ዕቃውንም ራሴ እሠራለሁ የሚል አይጠፋም። አትድከሙ። የጃፓኑን የኤርሶፍት ኩባንያ የቶኪዮ ማሩይን ስናይፐር ቪኤስአር 10ን ወይም በእሱ ልክ የተሠራ ሌላ ግዙ፣ መለዋወጫው እንደ ልብ ነው። ሰደፉ ቢሰነጠቅም ችግር የለውም፣ ለማንኛውም ይጣላል። ማየት ያለባችሁ አየር ማፍሰስ አለማፍሰሱን ነው። ሲሊንደሩን ፈታችሁ ሞላውን አውጡ፣ አፉን በጣት ድፈኑና ፒስተኑን ግፉት። እየተንሸራተተ ከገባ ያፈሳል፤ የፒስተኑን ጎማ ቀይሩለት።

ወደ ልኩ እንምጣ። 91/30 ያለ ሳንጃው 1232 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቱቦው (አፈሙዙ) 730። ከጎን ቀጥ ብሎ የተነሳ ፎቶ ፈልጉና ኮምፒውተር ላይ የጠመንጃውን ርዝመት 1232 ፒክሰል አድርጉት። አንዱ ፒክሰል አንድ ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ክፍል ትለካላችሁ። ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ግን ይዋሻል፣ መሃሉን ያሳብጣል ጫፎቹን ያሳንሳል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ፎቶ አመሳክሩ። ከዚያ በሙሉ ልኩ አሳትሙት፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና የገዛችሁትን መካኒክ፣ ማለትም ሆድ ዕቃውን፣ ላዩ ላይ አስተኙት። ምላጩ ምላጩ ላይ ይረፍ። ሌላው ሁሉ ከእሱ ነው የሚለካው። የኤርሶፍቱ ካዝና የሚገባበት ቦታ ከሞሲኑ ካዝና ጋ ላይገጥም ይችላል። ከገጠመ የሞሲኑን ሳጥን ከላሜራ ባዶውን ሠርታችሁ የኤርሶፍቱን ካዝና ውስጡ ደብቁት፤ ካልገጠመ እንጨቱ ሆድ ላይ ትንሽ ክዳን አብጁለት።

ዋናው ሥራ እንጨቱ ነው፣ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚፈርደውም በእሱ ነው። አንድ ወፍራም እንጨት በመሮ እየቦረቦሩ መሥራት ይቻላል፣ ግን ለምን? ሦስት ጣውላ እንደ ሳንድዊች ደርቡ። የመሃለኛው ውፍረት ከመካኒኩ ስፋት ጥቂት ይብለጥ፤ ከመጣበቁ በፊት የመካኒኩን መተኛ፣ የምላጩን ቀዳዳና የቱቦውን ቦይ በመጋዝ ብቻ ታወጡበታላችሁ፣ በመሮ ብትሉት ስንት ቀን የሚፈጀውን። ከዚያ ኮላ ቀብታችሁ በማሰሪያ ጥብቅ አድርጉትና እስከ ነገ አትንኩት። ኦሪጅናሉ በብዛት በርች ነው፣ ሌላ ጠንካራና ደቃቅ ቃጫ ያለው እንጨትም ይሆናል። ብቻ ቃጫው በሰደፉ አንገት ላይ ርዝመቱን ይዞ ይሂድ። አግድም ከሄደ አንድ ቀን ስትወድቁ እዚያው ላይ ቋ ይላል።

ሲቀረጽ ሁሉም ሰው አንገቱን ወፍራም ይተወዋል። እጁ ይፈራል መሰለኝ። የሞሲን አንገት ቀጭን ነው፣ የፊተኛው እንጨትም እንደዚያው፣ ሞረዱን ይዛችሁ ከፎቶው ጋ እያስተያያችሁ ቀጥሉ። ቱቦውን ከላይ የሚሸፍነውን እንጨት፣ ሁለቱን የብረት ቀለበቶችና ከሥር የምትገባውን የማጽጃ ዘንግ አትርሱ። የማንገቻው ቀዳዳ እንጨቱን ከጎን ወደ ጎን የሚበሳ ነው፣ ቆዳው በእሱ ውስጥ ያልፋል፤ ይቺ ብቻ ሞሲን መሆኑን ታሳብቃለች።

ለማሳመሪያው ብዙዎች ተልባ ዘይት ይቀባሉ። ያምራል፣ ግን የሶቪየት ሰደፍ ያ ቀላ ያለ አብረቅራቂ መልኩ ከሼላክ (ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራ ቫርኒሽ) ነው። በአልኮል አሟሙታችሁ በስሱ እየደጋገማችሁ ቀቡት፣ በየመሃሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሹት። ዘይት ከተጠቀማችሁ ደግሞ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ እንዳትጥሉት፣ ራሱ በራሱ ይነዳል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ውጪኛው ቱቦ አሉሚኒየም ይሁን። እሱ 730 ስለሆነ ጥይቷ የምታልፍበት ውስጠኛው ቱቦም 730 ይሁን የሚል ሐሳብ ይመጣላችኋል፤ ተዉት። ሲሊንደሩ የሚይዘው አየር ውስን ነው፣ ጥይቷ ሳትወጣ አየሩ ካለቀ ቱቦው መልሶ ይጎትታታል። የቪኤስአሩ 430 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቁምነገሩ ውስጠኛው ልክ መሃል ላይ መቀመጡ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ቀለበት አስገቡና ጥብቅ ይበል፣ ትንሽ ካዘመመ ጥይቷ የውጪኛውን ግድግዳ እየነካች ትወጣና ኢላማችሁ ገደል ይገባል።

የሞሲን ማቀባበያ ወደ ጎን ቀጥ ያለ ነው፣ የቪኤስአሩ ወደ ታች ያዘመመ። ቆርጣችሁ አዲሱን በብሎን እሰሩት። በኢፖክሲ ብቻ ያጣበቃችሁት እንደሆነ ሞላው በአጭር ጊዜ ይነቅለዋል።

ብረት የሚያጠቁረው ኬሚካል አሉሚኒየም ላይ አይሠራም። መሠረት ቀለም፣ ከዚያ ብዙ የማያበራ ጥቁር ስፕሬይ። ሲደርቅ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) በጨርቅ እሹበት፣ የብረት ወዝ ያመጣል። ማርጀት ያለበት እጅ የሚነካው ቦታ ነው፦ የማቀባበያው ራስ፣ የካዝናው ጠርዝ፣ የቀለበቶቹ ጎን። ሁሉንም ቦታ የፋቀ ሰው ጠመንጃው ያረጀ ሳይሆን የተጎተተ ይመስልበታል።

በመጨረሻ ፍጥነት መለኪያ ላይ ሞክሩት፣ መነጽር አድርጋችሁ። 0.20 ግራም ጥይት በሴኮንድ 100 ሜትር ከሄደች 1 ጁል ነው። ከተፈቀደው ካለፈ ሞላውን ከመቁረጥ ለስላሳ ሞላ ግዙ፣ የተቆረጠ ሞላ ተጣሞ ይቀመጣል። መለኪያው ላይ የምትጠቀሙት ጥይት ሜዳ ላይ የምትጫወቱበት ክብደት ይሁን። ሆፕ አፑን (ጥይቷን ወደ ኋላ አሽከርክሮ ርቃ እንድትሄድ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ከዜሮ ጀምራችሁ ጥይቷ ቀጥ ብላ እስክትሄድ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ወደ ላይ መነሳት ከጀመረች አልፋችኋል። ወደ ሜዳ ስትሄዱም ስትመለሱም በተዘጋ ቦርሳ ያዙት፣ ራቅ ብሎ ለሚያይ ፖሊስ ይሄ እውነተኛ ጠመንጃ ነው።