የልዩ ፍላጎት ክፍል ወላጆችን በቡና መሰብሰብ፦ እኛ ባህር ዳር እንዴት እንደምናደርገው

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ እዚሁ ባህር ዳር አንድ የመንግስት ትምህርት ቤት ልዩ ፍላጎት ክፍል ነው የሚማረው። ሰሞኑን ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ እናቶች "እናንተ ጋ ወላጅ እንዴት ነው የሚሰበሰበው እኛ ጋ ቢጠራ ቢጠራ ማንም አይመጣም" እያሉ ሲጠይቁኝ በቃ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ነገር ስብሰባ ብላችሁ አትጥሩ። ስብሰባ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ወይ መዋጮ ነው ወይ ወቀሳ። የኛ ክፍል ወላጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲደወል ገና ስልኩን ሳያነሳ ልቡ ድንግጥ ነው የሚለው፣ ስንቴ "ኑና ውሰዱት" ተብሏል እኮ። እኛም በደብዳቤ ጠርተን 3 ሰው ነው የመጣው። በሚቀጥለው ወር አንዷ እናት በር ላይ ቆማ ልጅ ለመውሰድ የመጣውን ሁሉ "እታለም ቅዳሜ ቡና አለ ጠጥተሽ ሂጂ" ስትል ክፍሉ ሞላ። መጋቢት 24 የዓለም ኦቲዝም ቀን ሲመጣ ባነር ይዞ ፎቶ መነሳትም ጥሩ ነው አልጠላም፣ ግን ከዛ በኋላ ሙሉ ዓመት አለ ጳጉሜን ጨምሮ።

ቡና የመረጥነው ሰው ስለሚወደው ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ልጆቻችንን የሚያስጨንቃቸው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አለማወቅ ነው፣ ቡና ግን ቅደም ተከተሉ ከጥንት የታወቀ ነው፦ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ አለቀ። እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንሱትና ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማችሁ በልጆቹ ቁመት ልክ ግድግዳ ላይ በተርታ ለጥፉ፣ አንዱ ባለቀ ቁጥር አንድ ልጅ ሄዶ ፎቶውን ይገለብጠዋል። የመጨረሻው ፎቶ ጫማ ወይ ባጃጅ ይሁን፣ ወደ ቤት ማለት ነው። ልጄ መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛ ስር ገብቶ ነው የዋለው፣ በሦስተኛው ወር ግን በረካው ገና ሲቀዳ ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ቆመ፣ ያን ቀን እንባዬ መጣ (ሰው እንዳያየኝ ጭሱ ነው አልኩ)።

አሁን ስለ ዝግጅቱ። ከሰሉን ክፍል ውስጥ አታስገቡ፣ በረንዳ ላይ አድርጉትና በአግዳሚ ወንበር ከልሉት፣ የሚሮጥ ልጅ አለ። ሙቀጫም ክፍል ውስጥ አይሆንም፣ የዘነዘናው ድምፅ ለአንዳንዱ ልጅ ጆሮው ውስጥ ሚስማር እንደመምታት ነው፣ ራቅ ብሎ ይወቀጥ ወይ የተፈጨ ይምጣ። መቁላቱን ግን አታስቀሩ ሽታውን የሚወዱ ልጆች አሉ ዝም ብለው ምጣዱ አጠገብ ይቀመጣሉ። እጣን ላይ እናቶችን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ እኛ ጋ አንዷ ልጅ እጣን ሲሸታት ያስመልሳታል ስለዚህ ቀርቷል፣ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ቅር ብሏቸው ነበር "ያለ እጣን ምን ቡና አለ" ብለው፣ ለመዱት። ለቡና ቁርስ ዳቦ ይበቃል። ቆሎና ፈንዲሻ በደንብ ማኘክ ለሚያስቸግራቸው ልጆች ያንቃል፣ ለነሱ ለስለስ ያለ ነገር ይኑር። ሙዚቃ በስፒከር ደግሞ ኧረ በፍጹም፣ ሞክረነው ግማሹ ልጅ ጆሮውን ይዞ ወጣ።

ቀን ስትመርጡ ቅዳሜ ጠዋት አሪፍ ነው፣ ግን በወር 12፣ 21፣ 23 ላይ እንዳይውል ካላንደር እዩ፣ ሚካኤል ማርያም ጊዮርጊስ ሲሆን ብዙ እናት ቤተክርስቲያን ናት። በረመዳን ዘለልነው ሙስሊም እናቶች ስላሉን። ክረምት ላይ ትምህርት ዝግ ስለሆነ አይነሳም፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጆቹ ይረበሻሉና ደመና ካለ አሳጥሩት።

ወሬውንም በሦስት ከፍለነዋል። አቦል ጨዋታ ብቻ ነው፣ ስለ ኑሮ ስለ ሰርግ ስለ ምናምን፣ ስለ ልጅ ችግር አይወራም። ቶና ላይ ጉዳይ ይነሳል። በረካ ላይ ቀጠሮ፣ ማን ስኳር ያመጣል ማን ያፈላል ተብሎ ይለያል። ይሄ ባይኖር አንዲት አዲስ እናት ገና ከመቀመጧ ሰባት ሰው ምክር ያዘንብባታል። ቶና ላይ ሁልጊዜ የሚነሳው ጠበል ወይስ ሐኪም የሚለው ነው። የኛ ደንብ ጠበል የወሰደችን እናት ማንም አይናገራትም፣ ሐኪም ቤት የሄደችውንም እንደዚያው፣ ግን ልጁ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ እሱን ፊት ለፊት እንነግራታለን።

ልጆቹስ? ሥራ ስጧቸው። ቁጭ በሉ ተብለው የሚውሉ ልጆች ናቸው የሚረበሹት። ዳውን ሲንድረም ያላት አንዲት ልጅ አለችን ስኳር የሷ ነው፣ ማንኪያውን ይዛ "ሁለት?" ትላለች፣ ሦስት ያለውን ሰው እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። የማይናገር ልጅ ዳቦ ያዞራል፣ ለዚህ ቋንቋ አያስፈልግም። ወንድም እህቶቻቸውንም ጥሩ፣ እነሱ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ "አንተ ትልቅ ነህ ቻለው" የሚባሉ ናቸው፣ ኳስ ስጧቸውና ለብቻቸው ይጫወቱ፣ አስተናጋጅ አታድርጓቸው።

አንድ ልጅ ጭንቀቱ ከተነሳበት ሁሉም ሰው እየዘለለ እንዳይከበው። በስመአብ የሚል፣ ውሃ የሚረጭ፣ "ምን ሆነ ምን ሆነ" የሚል አይፈለግም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይነሳ፣ ጥግ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ይጠብቅ፣ ሌላው ቡናውን ይጠጣ። እናቲቱን አትዩአት፣ ዝም ብላችሁ ሲኒዋን ሙሉላት።

አባቶች አይመጡም፣ ይሄ የሁሉም ቦታ ችግር ነው። ቡና ጠጡ ስንላቸው አልመጡም፣ አጥር ተሰብሯል ስንላቸው መዶሻ ይዘው መጡ፣ ሚስማሩ ሲያልቅ ቡናው ደርሶ ነበር። ጥበቃውን ጋሼንም፣ የባጃጅ ሾፌሮቹንም ጥሩ። ልጆቻችንን ጠዋት ማታ የሚያመላልሰው ሾፌር ከኛ በላይ ያውቃቸዋል፣ መንገድ ሲቀይር ቀድሞ ለልጁ መንገር እንዳለበት የነገርነው እዚህ ቡና ላይ ነው። (አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2016 ግንቦት ሲከፈት ልጄ በሱ ካልሄድን ብሎ፣ ትምህርት ቤታችን በዛ በኩል አይደለም እኮ፣ 380 ሜትር ድልድይ ለማየት ስንት ቀን ትርፍ ከፈልኩ።) ፔዳ ግቢ (ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ) ልዩ ፍላጎት የሚያጠኑ ተማሪዎችም ሲጠሩ ይመጣሉ፣ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ የሚቀመጡትን ደጋግማችሁ ጥሩ።

በዓመት አንዴ ሐይቅ ዳር እንወጣለን፣ እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ውሃ ይስባቸዋል፣ ዞር ስትሉ ገብተዋል። አንድ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው፣ ሁለት ልጅ ለአንድ ሰው ብሎ ነገር የለም፣ ስልክ ቁጥር ልብሱ ላይ ይጻፍ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ እግር መንከርም ይቅር፣ አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ጀልባ ካሰባችሁ ከሳምንት በፊት የቆመ ጀልባ ላይ አስቀምጧቸው፣ የሞተሩን ድምፅ ይስሙት፣ የመንሳፈፊያውን ጃኬት እቤት ያልለመደ ልጅ እዛ አይለብስላችሁም። ወዴት እንደምትሄዱም እወቁ፣ እኛ ክብራን ገብርኤል ብለን ተነጋግረን ገዳሙ ሴት እንደማያስገባ ያስታወስነው ዋዜማው ላይ ነው፣ አብዛኞቻችን እናቶች ነን እኮ፣ ሴት ወደሚገባበት እንጦስ ደሴት ቀየርነው።

ብሩን በተመለከተ ብዙ አያስፈልግም፣ ቡናና ስኳር በተራ፣ ዳቦ የቻለ። ያልቻለች እናት ከሰል ታቀጣጥል፣ ማን ምን እንዳመጣ ግሩፕ ላይ አትጻፉ።

ሲኒው የሚታጠበው በልጆቹ ነው። ልጄ ረከቦቱ ላይ ሲደረድር የሲኒዎቹ አበባ ሁሉ ወደሱ መዞር አለበት፣ አንድ ሰው ካዞረበት ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ስለዚህ ሳይጨርስ አትንኩበት። ስትገዙ ደግሞ ትርፍ ግዙ፣ በየወሩ አንድ ሁለት ይሰበራል።