ፎር ባይ ፎር ገብቶም መኪናው አልሄድ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሞላና ባሌስትራ ባለው ተራ ፒክአፕ ላይ ኤች 4 (ፈጣኑን ፎር) ወይም ኤል 4 (ዝግተኛውን ፎር) ማስገባት ሞላውን አያጠነክርም፣ አያላላምም። የሚቀየረው ጉልበቱ የሚሄድበት ጎማ ነው። የትኛው ጎማ መሬት እንደያዘ የሚወስነው ግን የሞላው መታመቅና መዘርጋት ነው።

ምልክት፦ ፎር ገብቶ አንድ የፊትና በሰያፍ ያለው አንድ የኋላ ጎማ በባዶ ይሽከረከራሉ፤ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

መንስኤ፦ በጅማ ዙሪያ ወዳሉ የቡና ቀበሌዎች በሚገባው መንገድ ክረምቱን የጭነት መኪና የቆፈረው ቦይ ጥቅምት ላይ እንደ ሸክላ ይደርቃል። የፊት ግራውና የኋላ ቀኙ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጡ፣ የሌሎቹ ሁለቱ ሞላ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ጎማዎቹ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ። ያልተቆለፈ ዲፈረንሻል (በግራና በቀኝ ጎማ መሃል ያለው የጥርስ ቤት) ደግሞ ለግራና ለቀኝ እኩል ጉልበት ነው የሚያካፍለው። የተንጠለጠለው ጎማ የሚይዘው ነገር ስለሌለ መሬት የያዘውም የሚደርሰው ያችው ኢምንት ጉልበት ናት።

መፍትሄ፦ ነዳጁን ይልቀቁና ይቁሙ። ኤል 4 ያስገቡ፣ መሪውን ያቅኑ፣ የኋላውን ዲፈረንሻል መቆለፊያ ይጫኑ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ጥርሱ ገና አልገጠመም፤ መኪናውን በቀስታ ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት። መብራቱ ሲረጋ በ1ኛ ማርሽ ይውጡ። ጎማው እየተሽከረከረ መቆለፍ ጥርስ ያስበላል። ቦይውን እንዳለፉ ወዲያው ይፍቱት፤ ተቆልፎ ሳለ መሪው አይታዘዝም፣ በብዙ ሞዴሎች ኤቢኤሱም (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) አይሠራም።

መቆለፊያ ከሌለውና የጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያ ካለው ነዳጁን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ለ2 ወይም 3 ሰከንድ ይያዙ። ብዙ ሹፌር «ካር ካር» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ደንግጦ እግሩን ያነሳል። ያ ድምፅ ፍሬኑ በባዶ የሚሽከረከረውን ጎማ እየያዘ ጉልበቱን ወደ ማዶ ሲያሻግር ነው፤ እግር ከተነሳ ሥራው ይቋረጣል። ይህም ካልረዳ ከተንጠለጠለው ጎማ ሥር ድንጋይ መጠቅጠቅ ነው።

ከጭቃ ወጥቶ አጋሮ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ መሪው ከብዶ መኪናው እንደ እንቁራሪት ከዘለለ፣ ኤች 4 አልወጣም ማለት ነው። በኩርባ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፤ የፊትና የኋላ ሻፍቶች ግን አንድ ላይ ታስረዋል። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያቃልለዋል፤ አስፋልት ላይ ሻፍቱ ይጠመዘዛል፣ ክሮቸራውም (የሻፍቱ መጋጠሚያ) ይበላል። ወደ ኤች 2 (ሁለት ጎማ ብቻ ወደሚነዳበት) ይመልሱ። አልወጣ ካለ ከ5 እስከ 10 ሜትር ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይንዱ፤ ውጥረቱ ሲላላ ይለቃል። በቀጥታ መንገድም የሚያስቸግር ከሆነ የፊትና የኋላ ጎማዎች መጠን ወይም አበላል ይለያይ እንደሆነ ይመልከቱ።

ቀይ ጭቃ ላይ ጎማው እንደ ድፎ ዳቦ ከለሰለሰ መኪናው የጭቃ ሞድ ካለው እሱን ይምረጡ፤ ጎማው ትንሽ እንዲሽከረከር ስለሚፈቅድ ጥርሱ መሃል የተጠቀጠቀው ጭቃ ይራገፋል። ባዶ መኪና ከሆነ ንፋሱን ከ35 ወደ 25 ፒኤስአይ መቀነስ ይረዳል። 30 ፈረሱላ፣ ማለትም 510 ኪሎ ቡና ተጭኖ ግን አይሞከርም። አስፋልት ሲደርሱም መልሶ መሙላት ግድ ነው።

የአየር ሞላ ያለው መኪና ከፍ ባለው ሞድ ላይ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር «ጓ» የሚል ከሆነ ስብራት ላይሆን ይችላል። ሞላው ቀድሞ ተዘርግቷል፤ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ አጥቷል። ከፍታውን ለድንጋይና ለጥልቅ ቦይ ብቻ ይጠቀሙበት፣ ለኮሮኮንች ወደ መደበኛው ይመልሱት። እዚያም ካልተወው የአሞርዛተሩን (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደውን) እና ጎማውን የያዙትን ክንዶች ቡሽ ማስፈተሽ ነው።