የሃሎን ጂፕ ስትነዱ ቶሎ የሚያስገድሏችሁ ስህተቶች

ሃሎ በሚባለው የተኩስ ቪዲዮ ጌም ላይ ያለችው ጂፕ ስሟ ዋርትሆግ ነው፣ ከርከሮ ማለት። ከፊቷ ያሉት ሁለት መንጠቆዎች የከርከሮ ጥርስ ይመስላሉ። ከ2001 ጀምሮ አለች፣ ሰው ግን እስከ ዛሬ እንደ ታንክ ይነዳታል።

ትልቁ ስህተት ብቻን መሄድ ነው። ሦስት ሰው ትይዛለች፦ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ጎኑ ተቀምጦ በራሱ መሣሪያ ይተኩሳል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ መትረየሱን ይይዛል። ሹፌሩ ራሱ መተኮስ አይችልም! ብቻችሁን ከወጣችሁ መግጨት ነው እንጂ ሌላ የምታደርጉት የለም። ጌሙ ከጎናችሁ የሚያሰልፋቸው ወታደሮች አጠገብ ቁሙ፣ ራሳቸው ይሳፈራሉ።

ሰው ከተሳፈረ በኋላ ደግሞ ሹፌሩ ለራሱ መንዳት ይጀምራል። ጠላት መሀል ዘሎ ይገባል፣ ይገጫል፣ ይዞራል፣ ተኳሹ አንዱን ሲያነጣጥር መኪናዋ ዞራ ሌላ ቦታ ታያለች። እኔም ድሮ ጥፋቱ የተኳሹ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከኋላ ስቆም ነው የገባኝ። ራቅ ብላችሁ ሰፊ ክብ እየሠራችሁ ዙሩ፣ ፍጥነታችሁን አትቀያይሩ፣ መትረየሱ ሥራውን ይሠራል። የቆመች መኪና ላይ ደግሞ ተኳሹ ከላይ ምንም መከለያ ስለሌለው መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው።

መሪው ብዙ ሰው ያደናግራል። መኪናዋ የምትዞረው ወደምታዩበት አቅጣጫ ነው። የመኪና ውድድር ጌም የለመደ ሰው እዚህ ይገለበጣል፣ በሙሉ ፍጥነት የእጅ ፍሬን ከያዘማ አለቀለት። ከተገለበጣችሁ ሮጣችሁ ልታነሷት አትሞክሩ፤ መጀመሪያ የሚተኩስባችሁን ጨርሱ።

የመጀመሪያውን ሃሎ ልማድ ይዛችሁ ወደ ሌሎቹ አትሂዱ። በመጀመሪያው መኪናዋ አትፈነዳም፣ የሚሞተው ሰው ብቻ ነው። በ2004 የወጣው ሃሎ 2 ላይ ግን ትፈነዳለች፣ ጠላትም ዘሎ ወጥቶ ይወረውራችኋል። ሃሎ 3 ላይ ደግሞ ኃይሉ በደንብ የተሞላ ፕላዝማ ሽጉጥ (በጥይት ፋንታ የኃይል ብርሃን የሚተኩስ) መኪናዋን ከመታ ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ ያኔ ወርዳችሁ መሮጥ ነው።

ሃፍላይፍ 2 የሚባለው ሌላ የተኩስ ጌም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ክፍቷ መኪና አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች፣ መሣሪያውንም የሚተኩሰው ሹፌሩ ነው። ብዙዎች እዚያ ጥይት አለቀብን እያሉ ያማርራሉ፣ ከመኪናዋ ኋላ ያለው ሳጥን ግን የአነስተኛውን መትረየስ ጥይት በፈለጋችሁ ቁጥር ይሰጣችኋል።