አሮጌው ኮምፒውተር በቤት ኔትወርክ ፕሪንት አላደርግ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሰባ ደረጃ አካባቢ ያለው እድራችን መዝገቡን የሚይዘው በዊንዶውስ 98 ኮምፒውተር ነው። የአባላት ስም፣ የወር መዋጮ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ሳይቀር በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ነው። አብሮት የኖረው ባለ ሪባን ፕሪንተር ሲሞት የጸሐፊያችን ልጅ ከራውተር ጋር የሚገናኝ ሌዘር ፕሪንተር ገዛላቸው። አዲሱና አሮጌው ግን አልተግባቡም። «ጋሼ፣ ይሄን ኮምፒውተር ለምን አይጥሉትም?» ያላቸው ሰው ነበር። ጋሼም «የቀበርናቸው ሰዎች ስም ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ የት ነው የምጥለው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ደግሞም መጣል አያስፈልግም። እኔ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ይህን አንብባችሁ በአንድ ከሰዓት ትጨርሱታላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ብዙ ሰው ነገሩን የሚጀምረው ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያናግርበት ሶፍትዌር) ከመፈለግ ነው። ቀኑ የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ መንገዱ መኖሩን አረጋግጡ፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩ ጋ መድረስ ይችላል ወይ? ቀጥሎ ቋንቋውን እዩ፤ ማለትም የሚላክለት ነገር ለፕሪንተሩ ይገባዋል ወይ? ፊደሉ የመጨረሻ ነው።

ኮምፒውተሩ ኔትወርኩን ጭራሽ አያየውም

ዋይፋይ ከሆነ ምክንያቱ የይለፍ ቃሉ አይደለም። የዛሬ ራውተሮች የሚጠቀሙት ደብሊውፒኤ 2 የሚባለውን ቁልፍ ወይም ከዚያ አዲሱን ነው። ዊንዶውስ 98 ይህን አያውቅም። ከእሱ በኋላ የመጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚያውቀው ሰርቪስ ፓክ 3 የሚባለው ማሻሻያ ከተጫነበት ነው። የራውተሩን ቁልፍ ወደ ድሮው ዓይነት ዝቅ አድርጉት የሚል ምክር ብትሰሙ እሺ አትበሉ። የቤቱን በር ለሁሉም መክፈት ነው።

መፍትሄው ኬብል ነው። አሮጌ የኔትወርክ ካርድ መርካቶ ያገለገሉ ዕቃዎች መሀል አይጠፋም። የ100 ሜጋቢት ካርድ ከአዲስ ራውተር ጋር ያለ ችግር ይሠራል። ኬብሉን ስትሰኩ መሰኪያው አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ካልበራች ሌላ ነገር አትንኩ፤ ኬብሉን ቀይሩ።

ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ «ኦፍላይን» ይላል

እኛ ሰፈር በጣም የሚደጋገመው ይህ ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄም አንድ ነው፦ ማታ መብራት ሄዶ ነበር?

መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳና ለየመሣሪያው አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርክ ቁጥር፣ ያድላል። ትናንት መጨረሻው 7 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 12 ሊሆን ይችላል። አዲስ ኮምፒውተርና ስልክ ፕሪንተሩን በስሙ ፈልገው ያገኙታል። አሮጌው ግን የሚያውቀው የነገራችሁትን ቁጥር ብቻ ነው። ወረቀቱን ማንም ወደማይኖርበት ቤት ይልካል።

ከፕሪንተሩ ላይ የማዋቀሪያ ገጹን አትሙ። አብዛኞቹ ላይ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ይበቃል። ገጹ ላይ አይፒ አድራሻው አለ። ከዚያ የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ግቡና አድራሻው ለፕሪንተሩ በቋሚነት እንዲያዝለት አድርጉ። ራውተራችሁ ይህ ምርጫ ከሌለው ፕሪንተሩ ላይ ራሱ ቋሚ ቁጥር ስጡት፤ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን።

አድራሻው ትክክል ሆኖ፣ ፒንግ ስታደርጉትም («አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው) መልስ እየሰጠ፣ ኤክስፒ አሁንም «ኦፍላይን» ካለ የፖርቱን (ኮምፒውተሩ ወደ ፕሪንተሩ የሚልክበት በር ነው) ማስተካከያ ክፈቱ። ኤስኤንኤምፒ ስታተስ የሚል ሳጥን ውስጥ ምልክት ታገኛላችሁ፤ አንሱት። ኤክስፒ በእሱ በኩል ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ፕሪንተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ሞቷል ይላል።

«ፕሪንተሩ ሊገኝ አልቻለም»

ኤክስፒ ላይ ፕሪንተር ስትጨምሩ «ሎካል» ወይስ «ኔትወርክ» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ በቅን ልቦና «ኔትወርክ» ይላል። እዚያ ላይ ይሳሳታል። ያ ምርጫ በሌላ ኮምፒውተር በኩል ሼር ለተደረገ ፕሪንተር ነው። እናንተ «ሎካል» በሉ፣ ራስህ ፈልግ የሚለውን ምልክት አንሱ፣ አዲስ ፖርት ፍጠር በሉና ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት ምረጡ። የፕሪንተሩን አድራሻ ጻፉ። ዓይነቱን ሲጠይቅ «ሮው»፣ ቁጥሩ 9100። ይህ መንገድ የድሮ ነው፤ አሁንም አብዛኛው የኔትወርክ ፕሪንተር ይቀበለዋል።

አዲሱ የዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላፕቶፕ ላይ ፕሪንተሩን ሼር አድርጎ አሮጌው በዚያ በኩል እንዲልክ የሚሞክርም አለ። አይሠራም። ኤክስፒም ሆነ 98 የሚናገሩት ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን የድሮ ፕሮቶኮል ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ላይ እሱን ማንሳት ጀምሯል። መልሶ ማብራት ይቻላል፤ እኔ ግን አላደርገውም፣ እናንተም አታድርጉት። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ነው። የባንክና የሥራ ነገር ያለበትን ላፕቶፕ ለአንድ ወረቀት ብሎ ማጋለጥ አይገባም።

98 ራሱን ችሎ በ9100 የሚልክበት ፖርት አብሮት አልመጣም። ስለዚህ ሁለቱም ካላችሁ ኤክስፒውን አማላጅ አድርጉት። ኤክስፒ ወደ ፕሪንተሩ በ9100 ይልካል፣ ለ98 ደግሞ ሼር ያደርጋል። ሁለቱ በድሮው ቋንቋ ይግባባሉ። የሼር ስሙ አጭር ይሁን፤ ከ8 ፊደል አይብለጥ፣ ክፍት ቦታም አይኑርበት። 98 ላይ የምትገቡበት ስምና የይለፍ ቃል ኤክስፒው ላይም መኖር አለበት።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 98ን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኤክስፒን በ2014 ነው። እነዚህ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ላይ መውጣት የለባቸውም። ቋሚ አድራሻ ስጧቸውና ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት መውጫው በር) የሚለውን ቦታ ባዶ ተዉት። ፕሪንተሩን ያገኙታል፣ ከቤት ግን አይወጡም።

ተልኳል ይላል፤ ወረቀት ግን የለም

መንገዱ አለ፤ አሁን ጉዳዩ ቋንቋ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ኤክስፒ ላይ ስታርት ሜኑ ካለው «ራን» ውስጥ ቴልኔት ብላችሁ የፕሪንተሩን አድራሻና 9100 ጻፉ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። በላቲን ፊደል የፈለጋችሁትን ጻፉ፤ የምትጽፉት ላይታያችሁ ይችላል፣ አትደንግጡ። ኢንተር ብላችሁ መስኮቱን ዝጉ። ትንሽ ጠብቁ። ፕሪንተሩ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ቁልፉን ተጫኑት። የጻፋችሁት መስመር በወረቀት ከወጣ ፕሪንተሩ ተራ ጽሑፍ ይገባዋል፤ ፒሲኤል የሚባለውን ቋንቋ የማወቅ ዕድሉም ሰፊ ነው። ከኤክስፒም ሆነ ከ98 ዝርዝር ውስጥ ኤችፒ ሌዘርጄት 4 የሚለውን ድራይቨር ምረጡና ሞክሩ። ሌዘርጄት 4 እ.ኤ.አ. የ1992 ፕሪንተር ነው፤ የእሱን ቋንቋ የሚሰሙ ግን ዛሬም ብዙ ናቸው።

በፐርሰንትና በቃለ አጋኖ ምልክት የሚጀምር፣ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ገጽ በገጽ ከፈሰሰ ደግሞ የመረጣችሁት ድራይቨር ፖስትስክሪፕት የሚባል ሌላ የፕሪንተር ቋንቋ የሚናገር ነው፣ ፕሪንተሩ ግን አያውቀውም። ወረቀቱን ሳይጨርስባችሁ አቁሙት።

ምንም ካልወጣ ፕሪንተሩ ኮምፒውተሩ አስቦለት የሚያትም ዓይነት ሊሆን ይችላል። በየቢሮው የምናያቸው እንደ ሌዘርጄት 1020 እና ካኖን ኤልቢፒ 6030 ያሉ ትናንሽ ፕሪንተሮች እንዲህ ናቸው። ዋጋቸውን ያቀለለው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ገጹን በምስል አዘጋጅቶ የሚልክላቸው የራሳቸው ድራይቨር ይፈልጋሉ። ለእነዚህ የሚያስፈልገው አስተርጓሚ ነው። ራስበሪ ፓይ ወይም ሊኑክስ የተጫነበት ያረጀ ላፕቶፕ መሀል ላይ አስቀምጡ፣ ከፕስ የሚባለውን የኅትመት ሶፍትዌር ጫኑበት፣ የፕሪንተሩን ድራይቨር እዚያ ላይ አድርጉ። ኤክስፒ በማንኛውም የፖስትስክሪፕት ድራይቨር በፖርት 631 ይልክለታል፤ ተርጉሞ ማሳለፉ የእሱ ሥራ ነው።

ብርቱካናማ መብራት በርቶ ቀረ

ወረቀት ሞልቶ እያለ ወረቀት ስጠኝ የሚል ከሆነ አሮጌው ኮምፒውተር የወረቀት መጠኑን የአሜሪካውን «ሌተር» አድርጎታል። ወደ ኤ4 ቀይሩት። ዎርድ ውስጥም ለብቻው እዩት።

የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሲስተም) ፕሮግራም ላይ የመጨረሻው ገጽ ብቻ ፕሪንተሩ ውስጥ ከቀረ፣ ገጹ አለቀ የሚለው ምልክት አልተላከም ማለት ነው። የፕሪንተሩን ቁልፍ አንዴ ተጫኑት።

አማርኛው ላቲን ሆኖ ወጣ

ጋሼ ቤት ሁሉ ነገር ተስተካክሎ የመጀመሪያው ገጽ ሲወጣ ሁላችንም ተነሳን። ሰንጠረዡ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፣ የብሩ ቁጥር ትክክል ነው። በስሞቹ ቦታ ግን ጭረት የተጫነባቸው የላቲን ፊደሎችና የዶላር ምልክት ተደርድረዋል። ስክሪኑ ላይ አማርኛ፣ ወረቀቱ ላይ ይህ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የሆነው የቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ሶፍትዌሮች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ለኮምፒውተሩ «ለ» የሚባል ነገር የለም፤ አንድ የላቲን ቁጥር አለ፣ ፎንቱ በ«ለ» ቅርጽ ይስለዋል። ድራይቨሩ ፎንቱን ወደ ፕሪንተሩ ሲልክ ፕሪንተሩ በትክክል ካልተቀበለው የራሱን ፊደል ያወጣል። የራሱ ፊደል ደግሞ ላቲን ነው።

መፍትሄው ፊደል መላክ ትቶ ሥዕል መላክ ነው። 98 ላይ የፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ክፈቱና ትሩታይፕን (የፎንት ዓይነት ነው) እንደ ግራፊክስ አትም የሚለውን ምረጡ። ኤክስፒ ላይ «አድቫንስድ» ውስጥ ፈልጉ፤ ስሙ እንደ ድራይቨሩ ይለያያል። በመሣሪያው ፎንት ተካ የሚል ካለ አጥፉት። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ፊደሉ ግን ስክሪኑ ላይ እንዳያችሁት ይወጣል።

ፋይሉን ወደ አዲስ ኮምፒውተር ወስዳችሁ ለማተም ከሞከራችሁም ያው ላቲን ይጠብቃችኋል። ፎንቱ እዚያ የለምና። ኮምፒውተሩ ከመሞቱ በፊት የፎንት ፋይሎቹን ቅዱ።

ጋሼ ቤት ሁለተኛው ሙከራ ቀስ ብሎ ወጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ሐ» ያለበት ስም ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ከስክሪኑ ጋር አስተያዩት። ልክ ነው። በዚያው ዕለት መዝገቡን በሁለት ኮፒ አተምን፤ አንዱ ሰብሳቢው ቤት ተቀምጧል።